ፊደሏ የማትመዝነው ነገር፦ የፊልም ደረጃና የላቭክራፍት አስፈሪ ዓለም

ልጆቻችሁ ፊልም ሊያዩ ሲቀመጡ መጀመሪያ የምትመለከቱት ምንድን ነው? በተለይ በአሜሪካ ለሚኖሩ ብዙ ክርስቲያን ወላጆች መልሱ ከፊልሙ ርዕስ አጠገብ የምትጻፈው ፊደል ናት። ፒጂ-13 ከሆነ “ግድ የለም፣ እዩት” ይባላል፤ አር ከሆነ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል። ለመሆኑ ይህች ፊደል የምትመዝነው ምንን ነው? ፊልሙ ውስጥ ያለውን ደምና ስድብ ነው ወይስ ፊልሙ ስለ ሰውና ስለ ፈጣሪ የሚናገረውን? ጥያቄውን በሚገባ የሚያሳየን እስከ ዛሬ ያልተሠራ የአንድ ፊልም ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጊዬርሞ ዴል ቶሮ የተባለው ሜክሲኳዊ ዳይሬክተር ለብዙ ዓመታት ሲመኘው የነበረ ሥራ አለ። ይኸውም አሜሪካዊው ደራሲ ኤች. ፒ. ላቭክራፍት በ1931 የጻፈውንና በ1936 በመጽሔት የታተመውን “በእብደት ተራሮች” የተሰኘ ልብ ወለድ ወደ ፊልም መቀየር ነበር። የፊልሙ ጽሑፍ ተዘጋጅቶ፣ ጄምስ ካሜሮን ፕሮዲዩሰር ሆኖ፣ ቶም ክሩዝም እንዲተውንበት ታስቦ ነበር። ወጪው ወደ 150 ሚሊዮን ዶላር ይደርስ ነበር። በመጋቢት 2011 ግን ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ “አይሆንም” አለ። ዳይሬክተሩ ፊልሙ አር ደረጃ ቢሰጠውም እንኳ ሳይቆረጥ እንዲወጣ ይፈልግ ነበር፤ ስቱዲዮው ግን ያን ያህል ገንዘብ በአር ፊልም ላይ ለማፍሰስ አልደፈረም። በሁለቱም በኩል እልህ ብቻ አልነበረም፤ ጉዳዩ የሒሳብ ጉዳይ ነው። አር ማለት ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ ሲኒማ ቤት አይገባም ማለት ነውና፣ ትልልቅ ፊልሞችን በብዛት የሚያዩት ወጣቶች በሩ ላይ ይቀራሉ።

ይህ የደረጃ አሰጣጥ ከየት መጣ? ብዙዎች የመንግሥት ሕግ ይመስላቸዋል፤ አይደለም። የፊልም ኩባንያዎቹ ማኅበር ራሱ በ1968 ያቋቋመው ነው፣ ያኔ ማኅበሩን ይመራ የነበረው ጃክ ቫለንቲ ነበር። ከዚያ በፊት ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ይሠራበት የነበረው ደንብ ፊልሙ ምን ማሳየት እንደሌለበት ይወስን ነበር፤ አዲሱ አሠራር ግን መከልከሉን ትቶ ለወላጆች ማስጠንቀቂያ መስጠትን መረጠ። ፒጂ-13 የተጨመረው ዘግይቶ በ1984 ነው። በዚያ ዓመት የወጡት የስቲቨን ስፒልበርግ “ኢንዲያና ጆንስ” እና እርሱው ያሠራው “ግሬምሊንስ” ለትናንሽ ልጆች በጣም አስፈሩና ወላጆች ስላጉረመረሙ፣ ስፒልበርግ ራሱ በመሃል አንድ ደረጃ ይኑር ብሎ ሐሳብ አቀረበ። እንግዲህ ዛሬ የሆሊውድ ዋነኛ ገንዘብ የሚገኝበት ደረጃ የተወለደው ከወላጆች ቅሬታ ነው ማለት ነው! ደረጃውን የሚወስኑትም ፊልሙን አይተው የሚመክሩ ወላጆች ናቸው። ሥራቸውን አንንቅም፤ እነርሱ ባይኖሩ ብዙ ቤት በተቸገረ ነበር።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። አንድ የምርምር ቡድን ወደ አንታርክቲካ ይሄዳል። ከሂማላያም የሚበልጡ ተራሮች ያገኛሉ፣ በበረዶ ውስጥ ደግሞ ከሰው ዘር በፊት የኖሩ እንግዳ ፍጥረታት በድን ያገኛሉ። በድን የመሰሉት ይነቃሉ። በካምፑ ውስጥ የሚሆነው እልቂት በእርግጥ አር የሚያሰጥ ነው፤ ሰውና ውሻ እንደ ቤተ ሙከራ እንስሳ ተበልተው ይገኛሉና። ነገር ግን የመጽሐፉ ትልቁ ፍርሃት ይህ አይደለም። ተራኪው ተመራማሪ ወደ ጥንታዊው ከተማ ገብቶ በግድግዳው ላይ የተቀረጸውን ታሪክ ሲያነብ በምድር ያለው ሕይወት ሁሉ የእነዚያ ፍጥረታት የእጅ ሥራ መሆኑን ይረዳል። የሰው ልጅም ቢሆን ለቀልድ ወይም በስህተት ከተሠራ ነገር የመጣ ሊሆን ይችላል ይላል። ከዚያ በኋላ አንዱ ጓደኛው ወደ ኋላ ዞሮ ባየው ነገር አእምሮው ይናጋል።

ወገኖች፣ ልብ በሉ። በዚህ ትረካ ውስጥ እጅግ የሚያስፈራው ክፍል አንድ ጠብታ ደም የለበትም። በግድግዳ ላይ የተሳለ ሥዕል ብቻ ነው። ዴል ቶሮ በስቱዲዮው ሐሳብ ተስማምቶ የካምፑን እልቂት ከጋረደው፣ ይኸው ትምህርት በፒጂ-13 ፊደል ታሽጎ ለ13 ዓመት ልጅ ይቀርብ ነበር፤ የቀረው ደሙ ብቻ በሆነ ነበር።

ላቭክራፍት ይህንን ያደረገው በድንገት አልነበረም። በእግዚአብሔር እንደማያምን በደብዳቤዎቹ በግልጽ የጻፈ ሰው ነው። “ኮስሚክ ሆረር” የሚባለው የእርሱ ዓይነት አስፈሪ ጽሑፍ ሰይጣን ይመጣብሃል ብሎ አያስፈራራም፤ ሰማዩ ባዶ ነው፣ እዚያ ያለውም ስላንተ ግድ የለውም ይላል። በልጅነቱ ከዋክብትን ይወድ ነበር፣ ለአካባቢው ጋዜጦችም ስለ ሥነ ፈለክ ይጽፍ ነበር። መዝሙር 8ን የጻፈው ሰውም ያንኑ ሰማይ አይቶ በሰው ትንሽነት ተደንቋል። ሁለቱ እስከዚህ ድረስ አብረው ይሄዳሉ ማለት ይቻላል። መዝሙረኛው ግን ለዚያ ትንሽ ሰው የሚያስብለት እንዳለ ያውቃል፤ ላቭክራፍት ደግሞ ማንም የለም ብሎ ደመደመ። አባቱም እናቱም የሞቱት በአንድ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል መሆኑን ስናውቅ ልባችን ሊያዝንለት ይገባል። (ስለ ጥቁሮችና ስለ ስደተኞች የነበረው ንቀትም የታወቀ ነው፤ ከዚህም የተነሣ የዓለም ፋንታሲ ሽልማት የእርሱን ምስል መስጠት በ2015 ለማቆም ወስኗል።)

ሁለት ፊልሞችን ደግሞ እናነጻጽር። ዩኒቨርሳል የዴል ቶሮን ሐሳብ ከጣለ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በሚያዝያ 2011፣ “ኢንሲዲየስ” የተባለ ፊልም በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ታየ። የአንድ ልጅ ነፍስ ከሥጋው ወጥታ ስትጠፋና አጋንንት በሥጋው ለመግባት ሲሻሙ የሚያሳይ ነው፤ መፍትሔውም የሚገኘው ሙታንን በምትጠራ ሴት በኩል ነው። ደረጃው? ፒጂ-13። ወደ አንድ ሚሊዮን ተኩል ዶላር ብቻ ወጥቶበት ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጋ ገቢ አስገብቷል። ከደረጃው ጋር የተሰጠው አጭር ማብራሪያ ስለ አስፈሪ ትዕይንቶች ይናገራል እንጂ ሙታን ስለ መጥራት አንዳች አይልም።

በሌላ በኩል ብዙዎቻችን የምናውቀው የሜል ጊብሰን “የክርስቶስ ሕማማት” በ2004 ሲወጣ አር ነበር። አብያተ ክርስቲያናት ትኬት በጅምላ ገዝተው ምእመናንን ወሰዱ፣ ፊልሙም በዓለም ዙሪያ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። በሚቀጥለው ዓመት ዳይሬክተሩ ከግርፋቱ ጥቂት ደቂቃ ቀንሶ ድጋሚ አወጣው፤ ብዙም ተመልካች አላገኘም። በዚያን ጊዜ “አር ፊልም አላይም” ይሉ የነበሩ ስንት ቅዱሳን ናቸው ደንባቸውን ለአንድ ቀን የተዉት? እኔ አልወቅሳቸውም። የግርፋቱ ጭካኔ ለሕፃን አይሆንምና ፊደሏ በዚያ ላይ ልክ ነበረች። ያላወቀችው ሰዎቹ ለምን ወደዚያ እንደሄዱ ነው።

ስለዚህ ፊደሏን አትናቁ፣ ግን ዓይንንና ጆሮን የሚነካውን ለማወቅ ብቻ ተጠቀሙባት። የቀረውን ሥራ እናንተው መሥራት አለባችሁ፤ ከፊደሏ ጋር የሚጻፈውን ምክንያት አንብቡ፣ የታሪኩን ፍሬ ነገር ጠይቁ፣ ከተቻለም አብራችሁ እዩና ከፊልሙ በኋላ “ይህ ታሪክ ሰው ከየት መጣ ይላል?” ብላችሁ ልጁን አናግሩት። ይህ ጥያቄ ከቁጣ ይልቅ ብዙ በር ይከፍታል። አሥራ አራት ዓመት የሞላው ልጅ ስለ ሰማይ ስፋትና ስለ ራሱ ትንሽነት አስቦ የማያውቅ እንዳይመስላችሁ፤ ብዙ ጊዜ ያስባል፣ የሚጠይቀው ሰው ግን አያገኝም። ኢዮብ 38ን አብሮት የሚያነብ ቢያገኝ ምንኛ መልካም ነበር!

ዴል ቶሮ ከዚያ በኋላ በ2018 ኦስካር ተሸልሟል፣ በ2025ም “ፍራንከንስታይን”ን በአር ደረጃ ለኔትፍሊክስ ሠርቷል። “በእብደት ተራሮች” ግን ገና አልተሠራም። መጽሐፉ ያው በየቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ አለ፣ በኢንተርኔትም በነፃ ይነበባል፤ ሽፋኑ ላይ ፒጂም ሆነ አር የሚል ፊደል የለም።