የትንሿ ችሎት በር ለድሃ ልጅም ክፍት ይሁን

ፍትሕን የሚጠይቅ ሕዝብ ዓይኑን የሚጥለው ብዙ ጊዜ በትልልቆቹ ፍርድ ቤቶች ላይ ነው። ስማቸው የሚነሳውም፣ ውሳኔያቸው የሚተቸውም የላይኞቹ ዳኞች ናቸው። ተራው ሰው ግን ከሕግ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው በታችኛው ችሎት ነው። ድንበሩ የተገፋበት ገበሬ፣ ከተከራየችው ቤት ውጪ የተባለች እናት፣ ያበደረውን የተካደ ባለሱቅ ሁሉም የሚቆሙት በትንሿ ከተማ፣ በትንሿ ችሎት ፊት ነው። አብዛኞቹ ይግባኝ ለማለት ገንዘቡም ጊዜውም ስለሌላቸው የዚያች ችሎት ቃል ለእነሱ የመጨረሻው ቃል ነው። ታዲያ በዚያች ወንበር ላይ ማን ይቀመጣል? ወደ ወንበሩ የሚያደርሰው በርስ ለማን ክፍት ነው?

ይህ ጥያቄ በሕንድ ብዙ ሲያከራክር ቆይቷል። ሕንድ የታችኛውን ችሎት ዳኞቿን የምትመርጠው በግልጽ የውድድር ፈተና ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ግን ወደ ፈተናው የሚያስገባው በር እንዲጠብ ተወስኗል። የውሳኔው ምክንያት ቀላል የሚባል አይደለም፤ የሚያስከትለው ጉዳትም እንዲሁ። ሁለቱንም በሚዛን አስቀምጦ ማየት ያስፈልጋል።

በቅድሚያ አሠራሩን እንመልከት። የመጀመሪያው እርከን ዳኛ እንደየክፍለ ግዛቱ የተለያየ ስም አለው። በአንድራ ፕራዴሽና በቴላንጋና «ጁኒየር ሲቪል ጀጅ» ይሉታል፤ ጀማሪ የፍትሐ ብሔር ዳኛ እንደ ማለት ነው። ቀደም ባለው ዘመን «ሙንሲፍ» ይባል ነበር። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም ፍትሐዊ፣ ለተከራካሪዎች እኩል የሚያደርግ ሰው ማለት ነው። ሹመቱ የሚሰጠው በሕንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 234 መሠረት የክፍለ ግዛቱ አገረ ገዢ ከሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽኑና ከከፍተኛው ፍርድ ቤት ጋር ተመካክሮ በሚያወጣው ደንብ ነው። በአንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኮሚሽኑ ነው፤ በአንድራና በቴላንጋና ግን ራሱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ያዘጋጀዋል።

ፈተናው ሦስት ደረጃዎች አሉት። መጀመሪያ መልስ የሚመረጥበት ማጣሪያ አለ። ማጣሪያውን ያለፈ ለዋናው የጽሑፍ ፈተና ይቀመጣል፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የወንጀል ሕግና የቋንቋ ችሎታ ይፈተናል። የ1872ቱ የውል ሕግ፣ የ1882ቱ የንብረት ማስተላለፍ ሕግ፣ የ1908ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቃል ሊታወቁ ይገባል። የ1860ው የወንጀለኛ መቅጫና የ1872ቱ የማስረጃ ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በአዲስ ሕጎች ስለተተኩ ተፈታኙ አሮጌውንም አዲሱንም ማጥናት ግድ ሆኖበታል። በመጨረሻም የቃል ፈተና አለ። ያለፈው ሰው በአንድ ትንሽ ከተማ ይመደባል፤ ብዙ ጊዜም የፍትሐ ብሔር ክርክርን ብቻ ሳይሆን የወንጀል ጉዳዮችንም ደርቦ ይዳኛል።

የዚህ ሥርዓት ትልቁ ሀብት አንድ ነው፤ የመልስ ወረቀት የማን ልጅ እንደሆንክ አይጠይቅም። አጎቱ ጠበቃ ያልሆነ፣ አባቱ ባለሥልጣን የማያውቅ ልጅ አንብቦና ተዘጋጅቶ በወረቀቱ ላይ ከማንም ጋር እኩል ይቆማል። ውጤቱም በተግባር ታይቷል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት በዲስትሪክት ደረጃ ካሉት ዳኞች ከሦስተኛው በላይ የሚሆኑት ሴቶች ናቸው። ሹመቱ በከፍተኛ ዳኞች ምርጫ በሚሰጥባቸው ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች ግን የሴቶቹ ድርሻ ከ15 በመቶ በታች ነበር። በፈተና የሚገባበት በር ሰፊ፣ በመተዋወቅና በመመራረጥ የሚገባበት በር ጠባብ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምን አለ?

ከዚህ የታችኛ እርከን ተነስተው እስከ ላይ ከደረሱት መካከል ፋጢማ ቢቪን ማንሳት ተገቢ ነው። በኬራላ የተወለዱት እኚህ ሙስሊም ሴት እ.ኤ.አ. በ1950 ጠበቃ ሆኑ፤ በ1958 በኬራላ የሙንሲፍነት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከዚያም ደረጃ በደረጃ ወጥተው በ1983 የከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ በኦክቶበር 1989 ደግሞ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ። በዚያ ፍርድ ቤት ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ እሳቸው ናቸው። ሕግ እንዲያጠኑ ያበረታቷቸው አባታቸው ነበሩ። ትልቁ ታሪክ የተጀመረው በትንሿ ችሎት መሆኑን ልብ ይሏል።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። እ.ኤ.አ. በ1993 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለመጀመሪያው እርከን ዳኝነት የሚወዳደር ሰው ሦስት ዓመት በጥብቅና የሠራ መሆን አለበት ሲል ወሰነ። በ2002 ይኸው ፍርድ ቤት ግዴታውን አነሳው። ምክንያቱም ጎበዝ ተመራቂዎች ሦስት ዓመት ከቆዩ በኋላ ወደ ዳኝነት የመምጣት ፍላጎታቸው ይቀንሳል የሚል ነበር። በምትኩ ያለ ልምድ የሚገቡት ቢያንስ አንድ ዓመት፣ ቢቻል ሁለት ዓመት ሥልጠና ይሰጣቸው ተባለ። ከሃያ ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ በሜይ 20 ቀን 2025 ዋና ዳኛ ጋቫይ የመሩት ችሎት የሦስት ዓመቱን ግዴታ መልሶ አጸናው። ውሳኔው ቀድመው የተጀመሩ ቅጥሮችን አይነካም፤ ከዚያ ወዲህ የሚመጣውን ግን ሁሉ ይመለከታል።

የችሎቱን ምክንያት በቅንነት መስማት ይገባል። ጀማሪው ዳኛ ከመጀመሪያዋ ቀን አንስቶ በሰው ሕይወት፣ በሰው ነጻነትና በሰው ንብረት ላይ ይወስናል። መጽሐፍ የሚያስተምረው ሁሉን አይደለም። ምስክር እንዴት እንደሚዋሽ፣ ጠበቃ ቀጠሮ ለማራዘም ምን እንደሚል፣ ባለጉዳይ ፈርቶ ዝም ሲል ዝምታው ምን ማለት እንደሆነ የሚታወቀው ችሎት ውስጥ በመዋል ነው። ዳኝነት አማና ነው፤ አማናን ላልተዘጋጀ ሰው ማሸከም ደግሞ ለተሸካሚውም ለባለጉዳዩም በደል ነው። ፋጢማ ቢቪ ራሳቸው ወደ ወንበሩ የመጡት ስምንት ዓመት ያህል በጥብቅና ከሠሩ በኋላ መሆኑን መካድ አይቻልም። ስለዚህ ልምድ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው የሚያከራክረን ጉዳይ አይደለም። የሚያከራክረን የልምዱን ዋጋ ማን ይክፈል የሚለው ነው።

እንግዲህ ሂሳቡን እንሥራ። በሕንድ አዲስ ጠበቃ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚያገኘው ገንዘብ እጅግ አነስተኛ ነው፤ ምንም ሳይከፈለው በአንድ ታዋቂ ጠበቃ ቢሮ ፋይል ተሸክሞ የሚውለውም ብዙ ነው። የአገሪቱ የጠበቆች ምክር ቤት በኦክቶበር 2024 ባወጣው ሰርኩላር ለጀማሪ ጠበቆች በከተማ ቢያንስ 20 ሺህ፣ በገጠር ቢያንስ 15 ሺህ ሩፒ በወር እንዲከፈል መክሯል። ምክር ግን ምክር ነው፤ አስገዳጅ አይደለም። አባቱ ቢሮ ያለው ልጅ ሦስቱን ዓመት በአባቱ ወንበር አጠገብ ተቀምጦ ያሳልፋል። የቀን ሠራተኛ ልጅስ? ቤተሰቡ ከምረቃው ማግስት ጀምሮ ደመወዙን የሚጠብቀው ልጅስ? እሱ ሌላ ሥራ ይፈልጋል፤ ሌላ ሥራ ያገኘ ዕለትም የዳኝነት ሕልሙ ያበቃል። የሴት ልጅማ ጉዳይ ይብሳል። ቤተሰቧ «ተመርቀሻል፤ ደመወዝ የለሽም፤ ታዲያ ትዳሩን ለምን ታዘገዪዋለሽ?» ሲላት ሦስት ዓመት ቀላል ጊዜ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ፤ በእኛ አስተያየት ዋናው ይህ ነው። የሦስት ዓመቱ ልምድ የሚረጋገጠው ቢያንስ አሥር ዓመት በሥራው ላይ የቆየ ጠበቃ በሚሰጠው የምስክር ወረቀት ሲሆን ወረቀቱን የአካባቢው ፍርድ ቤት ኃላፊ ማጽደቅ አለበት። ለሐሰት መከላከያ ታስቦ የተደረገ ነው። ነገር ግን የውድድር ፈተና የተፈጠረው ወጣቱ የማንንም ደጅ ሳይጠና በችሎታው እንዲገባ ነበር። አሁን ከፈተናው በፊት የአንድ ትልቅ ሰው ፊርማ ሊጠበቅ ነው። ፊርማውን የሚሰጠው ሰው ቅን ከሆነ መልካም። ቅን ካልሆነስ? ያለ ክፍያ የሚያሠራ ሰው ቢሆንስ? ዘርን፣ ሃይማኖትን ወይም ጾታን የሚያይ ቢሆንስ? በፊት በር የተባረረው ደጅ ጥናት በጓሮ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። የ2002ቱ ውሳኔ ራሱ መንገዱን አመልክቶ ነበር። ወጣቱ ይፈተን፤ ያለፈው ይቀጠር፤ ከዚያም ወንበር ላይ ከመውጣቱ በፊት በቂ ጊዜ ደመወዝ እየተከፈለው ይሠልጥን። በልምድ የበሰለ ዳኛ ጎን ይቀመጥ፤ የጠበቃ ቢሮም ይላክ፤ ለእስረኞች ነጻ የሕግ ድጋፍ በሚሰጥበት ቦታም ይሥራ። የ2025ቱ ውሳኔም ቢሆን አዲስ ዳኛ ችሎት ከመያዙ በፊት የአንድ ዓመት ሥልጠና እንዲወስድ ያዛል። ያንን ሥልጠና ማርዘምና ማጠናከር የሕዝብን ግምጃ ቤት የሚጎዳው ጥቂት ነው፤ ልምዱን በድሃ ቤተሰብ ኪስ ላይ መጣል ግን ትውልድን ከወንበሩ ያርቃል። የሦስት ዓመቱ ግዴታ የማይነሳ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ የጀማሪ ጠበቆች ክፍያ አስገዳጅ ይሁን፤ ምስክር ወረቀት የተከለከለ ወጣትም አቤት የሚልበት ቦታ ይኑረው።

ፈተና በራሱ የፍትሕ ዋስትና ነው እያልን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በሐርያና የዳኝነት ማጣሪያ ፈተና ጥያቄዎች አስቀድመው ወጥተው ስለነበር ፈተናው ተሰርዟል፤ ምስጢሩ የወጣውም ጥያቄዎቹን እንዲጠብቅ አደራ ከተሰጠው ክፍል ነበር። ጉዳዩ እንዲጋለጥ ያደረገው ደግሞ የአንዲት ተፈታኝ አቤቱታ ነው። በሌላ በኩል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በማርች 2025 ዓይነ ስውራን በአካል ጉዳታቸው ብቻ ከዳኝነት ውድድር ሊገለሉ እንደማይችሉ ወስኗል። ሁለቱም ታሪኮች የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ በሩ ክፍት ሆኖ የሚቆየው የሚጠብቀውና ሲዘጋ የሚጮህ ሰው ሲኖር ነው።

በሕንድ የዲስትሪክት ፍርድ ቤቶች ከ40 ሚሊዮን በላይ መዝገቦች ውሳኔ ይጠብቃሉ። የአገሪቱ የሕግ ኮሚሽን ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ 50 ዳኞች ያስፈልጋሉ ብሎ የመከረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ ዛሬም ቁጥሩ የዚያን ግማሽ አልሞላም። ዳኛ በጠፋበት አገር የዳኝነትን በር ማጥበብ ጥማት ባለበት ቦታ ጉድጓዱን እንደ መክደን ነው።

ይህን ለአገራችን አንባቢ የምንጽፈው ጥያቄው እኛም ደጃፍ ስላለ ነው። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 81 መሠረት የፌዴራል ከፍተኛና የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኞችን የሚያጨው የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ነው፤ ዕጩዎቹ በጠቅላይ ሚኒስትሩ በኩል ለተወካዮች ምክር ቤት ቀርበው ይሾማሉ። አሠራሩ ከሕንድ ይለያል። የዜጋው መጠይቅ ግን አንድ ነው፤ ማስታወቂያው ለሁሉም ይደርሳል? መመዘኛው አስቀድሞ ይታወቃል? የወደቀ ሰው ለምን እንደወደቀ ይነገረዋል?

ወንድሞችና እህቶች! የፍርድ መጓደልን ማውገዝ መብታችንም ግዴታችንም ነው። ከዚሁ ጎን ለጎን ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ትውልድ ማዘጋጀትም የእኛው ሥራ ነው። በየሰፈራችን ሕግ ተመርቀው የቤት ኪራይና የታክሲ ሂሳብ አጥተው ሙያውን የሚተዉ ልጆች አሉ። ለድግስና ለሐዘን የሚዋጣ ማኅበረሰብ ለአንድ የሕግ ተመራቂ የሦስት ዓመት ወጪ ማዋጣት ያቅተዋል? የቆያችሁ ጠበቆች ሆይ፣ ጀማሪውን ስትቀበሉ የሚገባውን ክፈሉት፤ ፊርማችሁንም አታስለምኑት። ወላጆች ሆይ፣ ሴት ልጃችሁ ለፈተና ስታነብ የቤቱን ሥራ ተካፈሉላት። ተማሪዎች ሆይ፣ ሕጉን አንብቡ፤ ተፈተኑ፤ ወድቃችሁም እንደገና ተቀመጡ። የተበደለን ሰው እንባ የሚያውቅ ልጅ ነገ ከዚያች ትንሽ ወንበር ላይ ሲቀመጥ፣ ከፊቱ የቆመው ማንም ይሁን ማን፣ ለሁሉም እኩል የሚያደርግ ሙንሲፍ ይሁን!