«እሳት ቢነሳስ?»

«ተይው እህቴ፣ ከኋላ ለተቀመጠ ቀበቶ አያስፈልግም። ደግሞስ እሳት ቢነሳ ማን ይፈታልሻል?»

ተናጋሪው በስልክ የሚጠራ ታክሲ የሚያሽከረክር የአዲስ አበባ ሾፌር ነው። ተሳፋሪዋ ምክሩን ባትቀበልም ለውጥ የለውም፤ የቀበቶው መቆለፊያ በአዲሱ የወንበር ልብስ ሥር ተቀብሯል። ሾፌሩ ራሱ መኪናው እየጮኸ እንዳይነዘንዘው መቆለፊያው ውስጥ ባዶ ብረት ሰክቷል፤ ቀበቶውን ደግሞ ለትራፊክ ፖሊስ ዓይን ያህል ትከሻው ላይ ጣል አድርጎታል። መኪናውንም ፖሊሱንም አታሏል። የቀረው ግጭቱ ነው።

የእሳቱ ስብከት በከተማዋ ታክሲዎች ውስጥ የተለመደ ነው፤ ሰባኪው በርግጠኝነት ይናገራል፣ ተሳፋሪው አንገቱን ይነቀንቃል። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ግን እሳት የተነሳበት ወይም መኪናው ውኃ ውስጥ የገባበት አደጋ ከ200 አንዱን እንኳ እንደማይሞላ ይናገራል። በዚያ ላይ ከሚነድ መኪና ለመውጣት መጀመሪያ ራስን ማወቅ ያስፈልጋል። ጭንቅላቱ ከመስታወት ተጋጭቶ ራሱን የሳተ ሰው ቀበቶ ባያስርም በር አይከፍትም።

ባለሦስት ነጥቡን ቀበቶ እ.ኤ.አ. በ1959 ለቮልቮ የሠራው ስዊድናዊው ኒልስ ቦሊን ነው። ቦሊን ከዚያ በፊት በሳብ ኩባንያ የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪን ከነወንበሩ አስፈንጥሮ የሚያወጣ መሣሪያ ይሠራ ነበር። ሥራው ሰውን በቅጽበት ማውጣት የነበረ መሐንዲስ፣ ቀበቶውን በአንድ እጅ የሚታሰርና የሚፈታ አድርጎ ነው የነደፈው። የእኛ ሾፌር ግን ከእሱ ይበልጣል፤ ስለ መውጫው ቀድሞ ያሰበ ይመስለዋል!

መውጫ ያን ያህል ካሳሰበ ሚኒባሱ አለ። ታጣፊ ወንበር መተላለፊያውን ዘግቶ፣ ትርፍ ሰው ተጭኖ፣ ረዳቱ በሩ ላይ ቆሞ ሲከንፍ ስለ እሳት ትንፍሽ የሚል የለም።

ቀበቶ ጉዳት የለውም ያለ ሰው የለም። ደረት ላይ ሰንበር ያወጣል፣ በከባድ ግጭት የጎድን አጥንት ይሰብራል። ከዳሌ አጥንት ሸሽቶ ሆድ ላይ ከታሰረ አንጀት ይጎዳል፤ ነፍሰ ጡርም ከሆዷ በታች እንድታስረው የሚነገራት ለዚሁ ነው። ታዲያ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየበረረ ከግድግዳ የተላተመ መኪና ውስጥ ያልታሰረ ሰው፣ ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ የወደቀ ያህል ነው የሚፈጠፈጠው። ሰንበሩ ይሻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ቀበቶ ከፊት የተቀመጠን ሰው የመሞት ዕድል ከ45 እስከ 50 በመቶ፣ ከኋላ የተቀመጠውን የመሞትና ክፉኛ የመጎዳት ዕድል ደግሞ 25 በመቶ ይቀንሳል ይላል። «ለኋላ አያስፈልግም» ማለት እንግዲህ ተሳፋሪን ይህን ሩብ መንፈግ ነው።

ከኋላ ያልታሰረ ሰው ለብቻው አይሞትም። ከጃፓን የአደጋ መዝገብ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2002 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ከኋላቸው ያልታሰረ ሰው የተቀመጠ እንደሆነ ከፊት ያሉት፣ ቀበቶ ያሰሩት ሳይቀሩ፣ የመሞት ዕድላቸው አምስት እጥፍ ገደማ እንደሚያድግ አሳይቷል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሰባ ኪሎ ሰው የሾፌሩን ወንበር ከጀርባው እየገፋ ይመጣል። ይህም ሆኖ ተሳፋሪ ቀበቶ ፍለጋ እጁን ከወንበሩ ሥር ሲሰድ «እኔን አላመንከኝም እንዴ?» ብሎ የሚያኮርፈው ያው ሾፌር ነው።