ዕድር የሞተን ሰው ለመቅጣት አልተቋቋመም



በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ መተዳደሪያ ደንባችን እንደሚሻሻል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ «በገዛ እጁ ሕይወቱን ላጠፋ ሰው ዕድሩ ገንዘብ አይከፍልም፣ ድንኳንም አይተክልም» የሚል ነው። ሐሳቡን ያቀረቡት አባላት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ወጣቱ እንዲፈራ ብለው ነው። እኔ ግን አንቀጹ እንዳይጸድቅ አጥብቄ እቃወማለሁ። ስብሰባ ላይ በቃል ብቻ ተናግሬ ከሚረሳ ብዬ ምክንያቴን እዚህ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። አንብቡት፤ ማንበብ ለማይችልም አንብቡለት።

ለመሆኑ ይህ ቅጣት የሚቀጣው ማንን ነው? ሟች የዕድር ገንዘብ አይበላም፣ ድንኳን ውስጥም አይቀመጥም። የምትቀጣው ወር በመጣ ቁጥር ከጉሊት ገንዘቧ ቆጥባ መዋጮዋን ስትከፍል የኖረች እናት ናት። ልጇን ቀብራ ስትመለስ ንፍሮ የሚቀቅል ጎረቤት፣ አብሯት የሚያድር ሰው አታገኝም ማለት ነው። ሐኪሞች እንደሚሉት ደግሞ ከአንድ ቤት አንድ ሰው በዚህ ዓይነት ሲሞት የቀሩትም ለዚያው አደጋ ይበልጥ ይጋለጣሉ። እንግዲህ ያንን ቤት ብቻውን የምንተወው በዚያ ሰዓት ነው? ይህ ወጣቱን ማስፈራራት ሳይሆን ሁለተኛ ለቅሶ መጥራት ነው።

«ይፈራል» ስለሚባለውም እንነጋገር። አእምሮው የታመመ ሰው ደንብ አይፈራም። ከባድ ድባቴ የያዘው ሰው እንቅልፍ ያጣል፣ ምግብ ያስጠላዋል፣ የሚወደው ነገር ሁሉ ይመረዋል፤ «ለቤተሰቤ ሸክም ነኝ፣ እኔ ባልኖር ይሻላቸዋል» ብሎም ያስባል። እንዲህ የሚያሳስበው በሽታው ነው። እኛ ግን ሰነፍ እንለዋለን፣ ኩራተኛ እንለዋለን፣ አለዚያም ዓይነ ጥላ ነው እንላለን። በወባ የሚንቀጠቀጥን ሰው «ለምን ትንቀጠቀጣለህ» ብሎ የሚቆጣ አለ እንዴ?

ነገሩን የፈረንጅ ወሬ ነው የሚል ቢኖር ቡታጅራን ይመልከት። እዚያ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ከ68 ሺህ በላይ ሰው በየቤቱ ተጠይቆ፣ ጠንካራ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ከ900 በላይ ሰዎች ለ10 ዓመት ያህል ክትትል ተደርጎላቸዋል። የሞቱት በአማካይ ከሌላው ሰው 30 ዓመት ያህል ቀድመው ነው የሞቱት። ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነው፤ ራስን ማጥፋት፣ አደጋና በሰው እጅ መገደልም ብዙዎቹን ወስዷል። የገዛ ወንድሞቻችን ናቸው፤ ጠያቂ አጥተው ሞቱ። የዓለም ጤና ድርጅትም በዓመት ከ720 ሺህ በላይ ሰው ራሱን እንደሚያጠፋ ይገልጻል። ከአራቱ ሦስቱ ያህል የሚሞቱት እንደ እኛ ባሉ ድኃና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

«ራሱን የሚያጠፋ ሁሉ እኮ እብድ አይደለም፤ በዕዳ፣ በጠብ፣ በንዴት የሚያደርገውም አለ» የሚሉም አሉ። እውነታቸውን ነው። በቻይናና በሕንድ የተደረጉ ጥናቶችም እንደሚያሳዩት በሀብታሞቹ አገሮች ከሚታየው ይልቅ እዚያ የአእምሮ ሕመም ሳይኖርበት በድንገተኛ ንዴት ሕይወቱን የሚያጠፋው ሰው ይበዛል። ታዲያ ይህ ለቅጣት ምክንያት ይሆናል? የአንድ ሰዓት ንዴት ከሆነ የገደለው፣ በዚያች ሰዓት አጠገቡ ሰው ቢኖርና መርዙ ቢርቀው ኖሮ ይተርፍ ነበር ማለት ነው። ስሪላንካ የምትባለው አገር በጣም መርዛማ የሆኑትን የተባይ ማጥፊያዎች አንድ በአንድ ከገበያ አስወጣች። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1995 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ራሱን የሚያጠፋው ሰው 70 በመቶ ያህል ቀነሰ። ሟቾችን በመቅጣት የመጣ ለውጥ አይደለም። እኛም ሰፈር የአትክልት መድኃኒትና የአይጥ መርዝ አልጋ ሥር ነው የሚቀመጠው። ቆልፎ ማስቀመጥ ምን ያህል ያስወጣል?

የሃይማኖቱን ነገር ለአባቶችና ለሼኮች እንተወው። የቤተ ክህነት ሰዎች እንደሚያውቁት ግን በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ጢሞቴዎስ፣ ራሱን ያጠፋው ሰው አእምሮውን ስቶ የነበረ እንደሆነ ካህኑ መርምሮ ጸሎት እንዲደረግለት ወስኗል። ጥንት ካህናቱ ከመፍረዳቸው በፊት ይመረምሩ ነበር፤ እኛ ሳንመረምር ልንፈርድ ነው። ዕድር ደግሞ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም አይደለም። ሁላችንም በአንድ ድንኳን የምንቀመጥበት ነው።

ጠበልም አይከለከል፣ መድኃኒትም አይጣል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ጠበሉን መጠመቅ እንደሚችሉ በይፋ አስታውቀው ነበር። ለአእምሮ ሕመምተኛስ ለምን አይሆንም? ሰውን በሰንሰለት አስሮ መድኃኒቱን መንጠቅ ግን እምነት አይባልም።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ራሱን ለማጥፋት የሞከረውን ሰው አይቀጣም። የሚቀጣው ሌላውን ለዚህ የገፋፋውንና የረዳውን ነው። መንግሥት ያልቀጣውን እኛ በወር መዋጮ ልንቀጣ ነው?

ስለዚህ በዚያ አንቀጽ ፈንታ የሚከተለው እንዲጸድቅ አቀርባለሁ።

1ኛ/ አሟሟቱ ምንም ይሁን ምን ዕድሩ ድንኳን ይትከል፣ ገንዘቡን ይክፈል። አሟሟቱ በቃለ ጉባኤም በጡሩምባም አይነገር።

2ኛ/ ከመዋጮው ላይ ጥቂት ተቀንሶ የሕመምተኞች ማሳከሚያ ይያዝ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ቀጥሎ በተጻፈው ሪፈር ሆስፒታል። ለብዙ ዘመን በአገሩ ላይ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አማኑኤል ብቻ ነበር፤ ዛሬ ዘውዲቱና ጳውሎስም ያክማሉ። ይሁን እንጂ በቀን ሥራ የሚያድር ሰው ከአቃቂ መርካቶ ማዶ ሕመምተኛ ይዞ ሲመላለስ የዕለት ደመወዙም ይቀራል፣ የታክሲም ያጣል። ብዙው ሰው ሕክምናውን የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው። የድባቴ መድኃኒት ደግሞ ለውጡ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው። «አልሠራልኝም» ብሎ በሳምንቱ የጣለ ሰው መድኃኒቱን አልሞከረውም ማለት ይቻላል።

3ኛ/ በየብሎኩ ሁለት ጠያቂዎች ይመረጡ፤ አንድ ወንድ አንዲት ሴት። ከሆስፒታል የወጣን ሕመምተኛ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደጋግመው ይጠይቁ፤ አደጋው የሚከፋው ያኔ ነውና። ከዚህ ቀደም ሞክሮ የተረፈ ሰው ካለ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሰጋው እሱ ነው፤ «ለማስፈራራት ነው» ብሎ ማሾፍ ይቅር። ጠያቂዎቹ ሰውየውን ለብቻው አድርገው «ሕይወትህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ እንዲያውም ይቀልለዋል። «አዎ» ካለ ብቻውን አይተውት፤ መርዝና ገመድ ከአጠገቡ አርቀው፣ ሳያድር ሐኪም ቤት ያድርሱት።

ገንዘቡ ያልቃል የሚል አባል እንደሚነሣ አውቃለሁ። የአንድ ቀብር ወጪና የአንድ ሕመምተኛ የታክሲ ሒሳብ ገንዘብ ያዣችን ጎን ለጎን አድርጎ ያቅርብልን፤ ከዚያ እንከራከር።

ዕድራችን ሰው ሲሞት ማንም አይቀድመውም። ጡሩምባ በተነፋ በሰዓቱ ድንኳኑ ቆሞ፣ ወንበሩ ተደርድሮ ይገኛል። ሰው በቁሙ ሲጠፋ ግን አጥር ለአጥር ተያይተን ዝም እንላለን። የቀረበው አንቀጽ ደግሞ ከዚያ ብሶ ለቀብሩም አትምጡ ይለናል። ይህንን አንቀጽ የሚደግፍ አባል እጁን ከማንሣቱ በፊት በየቤቱ ያለውን ሰው አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ ይህ ሕመም እኔ ቤት አይገባም ብሎ መማል ይችል እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ። መማል ካልቻለ እጁን ያውርድ።

የዕድሩ ጸሐፊ
አቃቂ ቃሊቲ