የጁባ ተማሪ ቤቶችና የልደት በዓል

በደቡብ ሱዳን የትምህርቱ ዘመን በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ተጀምሮ በዲሴምበር ስለሚፈጸም፥ በጁባ ከተማ በካቶርና በሙኑኪ፥ እንዲሁም ከነጭ ዓባይ ማዶ በጉምቦ የሚገኙት የክርስቲያን ተማሪ ቤቶች የልደትን በዓል የሚያገኙት መጻሕፍት በተከደኑበት፥ የዓመቱ ፈተና ባለቀበትና ወላጅ የልጁን ውጤት ለመቀበል ወደ ግቢው በሚመጣበት ሰሞን ነው። ከዚህም የተነሣ በዓሉ ከትምህርቱ በኋላ የሚመጣ ትርፍ ነገር መስሎ የሚታያቸው ሰዎች አሉ፤ ዝግጅቱ ጊዜና ገንዘብ ያባክናል የሚሉም፥ ከተደረገም አዲስ ልብስ ለመግዛት የቻለ ልጅ ብቻ የሚታይበት ትርኢት ቢሆን ግድ የማይሰጣቸውም ይገኙባቸዋል። እኔ ግን በዚህች ከተማ ለሚያድግ ልጅ ከዓመቱ ትምህርት ሁሉ የሚበልጠው በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት የሚሰጠው ነው ብዬ አምናለሁ፤ የማምንበትንም ምክንያት በጁባ ልጆቻቸውን ለሚያስተምሩት ኢትዮጵያውያን ወገኖቻችንም ጭምር ማስረዳት እፈልጋለሁ።

ዝናሙ አብቅቶ በጋው በሚገባበት በዚያ ወራት፥ የቀትሩ ሐሩር በረድ ሲል የመዘምራኑ ማኅበር በማንጎና በኒም ዛፎች ጥላ ሥር ይሰበሰባል፤ ከበሮው ይመታል፤ ድምፁ የጠራለት ልጅ እየመራ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ትንንሾቹ እረኞችና መላእክት፥ ሰብአ ሰገልና ዮሴፍ ሆነው የቤተ ልሔምን ታሪክ በትዕይንት ለማሳየት ይለማመዳሉ። የከብት ሀብት የሰው ክብር መለኪያ ከሆነባቸው ከዲንካ፥ ከኑዌር ወይም ከጁባ በስተ ሰሜን ከሚኖሩት ከሙንዳሪ ወገን ለተወለደ ልጅ የግርግሙን ነገር መምህሩ ብዙ ሊያብራራለት አያስፈልገውም፤ በበረት ማደር፥ የከብት ትንፋሽ ለብርድ እንዴት እንደሚረዳ፥ እረኛ ሌሊቱን ምን እያሰበ እንደሚነቃ ከአባቱና ከአያቱ ሰምቶታልና፥ ወንጌሉ የተጻፈው በእርሱ ቀዬ ላሉ ሰዎች መስሎ ይገባዋል።

ከሁሉ የሚደነቀው ግን የቋንቋው ነገር ነው። የደቡብ ሱዳን መንግሥት ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ ገበያው የሚነጋገረው በጁባ ዐረብኛ ነው፤ በየቤቱ ደግሞ ባሪው፥ ዲንካው፥ ኑዌሩ፥ ዛንዴው፥ ሺሉኩ በየራሱ አፍ ይናገራል፤ የአገሪቱም ነገዶች ቁጥር 64 እንደሚደርስ ዘወትር ይነገራል። በልደት ዝግጅት መዝሙሩ በእነዚህ ቋንቋዎች እየተፈራረቀ ስለሚዜም፥ አንድ ልጅ የእናቱን ቋንቋ ብቻ ይዞ ከመዘምራኑ መካከል ሊቆም አይችልም፤ የጎረቤቱን ቃል ከነዜማው፥ ከነአነጋገሩ ማጥናት ግዴታው ይሆናል። ከሱዳን መንግሥት ጋር በተደረገው ረጅም ጦርነት ዘመን የዲንካዋ ሴት ሜሪ አሉኤል ጋራንግ በሕዝቧ ቋንቋ ብዙ መዝሙራትን እንደ ደረሰች ይታወቃል፤ የዲንካ ክርስቲያኖችም መስቀላቸውን በእጃቸው ይዘው፥ ከበሮ እየመቱ በአደባባይ የሚያዜሙት መዝሙር የሐዘናቸውም የተስፋቸውም መዝገብ ነው። እንዲህ ያለውን መዝሙር የባሪ ልጅ በቃሉ አጥንቶ ሲያዜመው፥ የዲንካውን ወገን መከራ በታሪክ መጽሐፍ ከሚያነበው ይልቅ አቅርቦ ያውቀዋል።

ይህ ነገር ለምን እንዲህ እንዳስጨነቀኝ የሚገባው የታኅሣሥን 2006 ዓ.ም. ነገር ለሚያስታውስ ሰው ነው። በታኅሣሥ 6 ቀን ምሽት፥ ማለት በፈረንጆቹ አቆጣጠር የልደት በዓል ሊውል ዐሥር ቀን ሲቀረው፥ በጁባ በፕሬዚዳንቱ ጠባቂ ጦር ውስጥ በዲንካና በኑዌር ወታደሮች መካከል የተነሣው ተኩስ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደ ሰፈሮቹ ዘልቆ፥ ሰው በነገዱ እየተለየ የሚገደልበት ጥፋት ሆነ። የሰብአዊ መብት መርማሪዎች እንደ መዘገቡት፥ መሣሪያ የያዙት ሰዎች በመንገድና በደጃፍ ያገኙትን ሰው ነገዱን ለመለየት በቋንቋ ይፈትኑት ነበር፤ መልስ ያጣ ወይም የአነጋገሩ ቃና ያሳበቀበት ሰው ሕይወቱን ያጣ ነበር። በዚያ ዓመት ብዙ ሺህ የጁባ ነዋሪዎች ልደትን ያከበሩት በተባበሩት መንግሥታት ጦር ሰፈር አጥር ውስጥ ተጠግተው፥ በተጨናነቀ መጠለያ መካከል እየጸለዩ ነው። ስለዚህ በዚህች ከተማ የዲንካ ልጅ ቆሞ በኑዌር ቋንቋ ስለ ሰላም ንጉሥ መወለድ ሲያዜም፥ የኑዌሩም ልጅ በዲንካ ቋንቋ ሲቀበለው፥ ነገሩን የሕፃናት ጨዋታ ብሎ የሚያልፍ ሰው ከተማይቱን አላወቃትም እላለሁ። በመሪዎች መካከል የሚፈረም ውል አስፈላጊ ነው፤ በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመውም ብዙ ደም እንዳይፈስ ረድቷል፤ ነገር ግን የፈራሚዎቹ ልጆችና የተገዳዮቹ ልጆች በአንድ ወንበር ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ቋንቋ የሚያጠናበት ስፍራ ከተማሪ ቤት በቀር እምብዛም የለም።

የቤተ ክርስቲያኑና የተማሪ ቤቱ ግቢ መጠጊያ መሆኑም በቃል ብቻ የሚነገር አይደለም። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጦርነቱ ዳግመኛ በጁባ በተነሣ ጊዜ፥ ሕዝቡ ልጁንና ምንጣፉን ይዞ ከሮጠባቸው ስፍራዎች መካከል በካቶር የሚገኘው የቅድስት ቴሬዛ ካቴድራልና በጉምቦ የሚገኘው የዶን ቦስኮ ሳሌዝያውያን ግቢ ነበሩ። በጉምቦ ያ መጠጊያ ለብዙ ቤተ ሰብ የብዙ ጊዜ መኖሪያ ሆነ።

እነዚህ ተማሪ ቤቶችና በዓሉ እስከ ዛሬ የቆዩት በብዙ መከራ አልፈው ስለሆነ፥ ተማሪዎቹ ይህን ታሪክ በሚገባ ሊያውቁት ይገባል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ከዛሬዋ ጁባ አጠገብ በጎንዶኮሮ የተተከለው የካቶሊክ ተልእኮ በበሽታና በሞት ተሸንፎ ተዘጋ፤ በሚቀጥለው ምዕተ ዓመት ካቶሊኮቹም አንግሊካውያኑም ተማሪ ቤቶችን አቆሙ፤ በ1949 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ ደቡቡንም ይገዛ የነበረው የካርቱም መንግሥት እነዚያን ተማሪ ቤቶች ወሰዳቸው፤ በ1952 ዓ.ም. የዕረፍቱ ቀን በደቡቡ ክፍል ከእሑድ ወደ ዓርብ እንዲዛወር ሲታዘዝ ተማሪዎቹ ትምህርታቸውን ትተው ተቃወሙ፤ በ1956 ዓ.ም. 300 ያህል የውጭ አገር ሚሲዮናውያን ተባረሩ። ያን ጊዜ ብዙዎች ክርስትናው ከነበዓሉ ይጠፋል ብለው ገምተው ነበር፤ ዳሩ ግን የአገሩ ተወላጆች የሆኑት ሰባክያንና መምህራን፥ ብዙዎቹ ማዕርግም ደመወዝም ሳይኖራቸው፥ ጠብቀው አቆዩት። እኛም ኢትዮጵያውያን በዚህ ታሪክ ውስጥ ተመልካቾች ብቻ አልነበርንም። በየካቲት 1964 ዓ.ም. የሱዳንን የመጀመሪያ የእርስ በርስ ጦርነት ያስቆመው ስምምነት፥ የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤና የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ በሽምግልና ገብተውበት፥ በአዲስ አበባ ተፈርሟል፤ ጦርነቱ ዳግመኛ ከተነሣ በኋላም ከ1980 እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ከአሥር ሺህ የሚበልጡ ወላጆቻቸውን ያጡ ወይም የተለዩ የደቡብ ሱዳን ልጆች በጋምቤላ በፒኙዶ ሰፍረው ነበር፤ ፊደሉን በዛፍ ሥር፥ በአፈር ላይ በጣታቸው እየጻፉ ተምረዋል፥ በዚያም መዝሙር አዚመዋል። ከእነዚያ ልጆች በሕይወት የተረፉት ዛሬ የልጆች አባቶች ናቸው፤ ከአንዳንዶቹም ጋር በጁባ ጎረቤቶች ሆነናል።

በጁባ ሆቴል፥ ምግብ ቤትና የሕንፃ ዕቃ መደብር ይዘው፥ ወይም ውኃ በቦቴ እያመላለሱ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ወደነዚሁ ተማሪ ቤቶች ሲልኩ አንድ ችግር ያጋጥማቸዋል። የአገሩ ልደት የሚውለው ታኅሣሥ 16 ቀን ነው፤ ይህም ኅዳር 15 ቀን የገባው ጾመ ነቢያት ገና ባልተፈጸመበት ጊዜ ነው። ከዚህ የተነሣ አንዳንዱ አባት ልጁ እንዳይገድፍ ፈርቶ ከዝግጅቱ ያስቀረዋል። ለጾሙ መቆርቆሩን አከብራለሁ፤ ነገር ግን መዝሙር ጾም አይሽርም። እናቲቱ ልጇን ከነጾሙ ትላከው፤ የምስሩን ወጥና የአተር ክኩን፥ ዳቦውንም አብስላ ለመዘምራኑ ሁሉ የሚበቃ አድርጋ ትላክ፤ መምህሩም ልጁ ሥጋና ወተት የማይበላበትን ምክንያት ለክፍሉ ያስረዳ። ከዚያም የእኛ ልደት ታኅሣሥ 29 ቀን ሲውል ተማሪ ቤቱ ተዘግቶ ስለሚሆን፥ ወላጆቹ የልጃቸውን ጓደኞችና መምህራን በቤታቸው ጋብዘው ዶሮውን ያብሉ። ከአገሩ ሕዝብ ጋር በገበያ ብቻ የሚገናኝ ማኅበረ ሰብ፥ ክፉ ቀን በመጣ ጊዜ እንግዳነቱ ይበረታበታል፤ ይህን በጁባ የከረመ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለ ወጪው የሚነሣው ነገር በእርግጥ ከባድ ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. መንግሥት ገቢውን በአብዛኛው የሚያገኝበት ነዳጅ የሚተላለፍበት ቧንቧ በሱዳን ጦርነት ሳቢያ ከተበላሸ ወዲህ፥ የመንግሥት ሠራተኞች ለብዙ ወራት ደመወዝ ሳያገኙ ኖረዋል፤ የክርስቲያን ተማሪ ቤቶችም በአብዛኛው የሚተዳደሩት እነዚሁ ሠራተኞችና ሌሎች ወላጆች በሚከፍሉት ክፍያ ስለሆነ፥ ችግሩ ወደ መምህሩ ማድጋ ይደርሳል። በዚህ ሁኔታ ለመላእክት ክንፍና ለነጭ ቀሚስ ከወላጅ ገንዘብ መጠየቅ ተገቢ አይደለም። ሁሉም ልጅ በተማሪ ልብሱ ይዘምር፤ በኮንዮ ኮንዮ ገበያ አዲስ ልብስ የተገዛለት ልጅ በበዓሉ ቀን በቤተ ክርስቲያን ይልበሰው። በአገሪቱ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ውጭ መሆናቸው የታወቀ ስለሆነ፥ ዝግጅቱ በሚደረግበት ቀን በሩ ለሰፈሩ ልጆች ይከፈት፤ ከዚያው ከመንደሩ ሦስት አራት መዝሙር የሚያውቁ ልጆችም ከተማሪዎቹ ጋር ይቁሙ።

በመጨረሻም ካቶሊኩ፥ ኤጲስ ቆጶሳዊውና ፕሬስቢቴሪያኑ እያንዳንዱ በግቢው ብቻ ማክበሩን ትቶ፥ ከሁሉም ተማሪ ቤቶች የተውጣጡ መዘምራን በአንድ ቀን በአንድ ስፍራ እንዲገናኙ የደቡብ ሱዳን አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ቢያስብበት መልካም ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ፥ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስና የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን መሪ ጥር 27 ቀን 2015 ዓ.ም. በጆን ጋራንግ መቃብር አደባባይ ከሕዝቡ ጋር አብረው ጸልየዋል፤ ትልልቆቹ አባቶች ያደረጉትን ልጆቹ በየዓመቱ ሊያደርጉት የሚከለክላቸው ነገር የለም። ቀኑ የዓመቱ ፈተና ከመጀመሩ በፊት በትምህርቱ መርሐ ግብር ውስጥ ይግባ፤ በዚያ ቀን የሚሰበሰበውም ሙዳየ ምጽዋት ደመወዛቸው ለዘገየባቸው መምህራን ይሰጥ።