ሉቻኖን ሆኖ የሚሠራው ማነው?

እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው «ኢስኬፕ ቱ ቪክትሪ» ፊልም ላይ ፔሌ፣ ቦቢ ሙርና አርዲልስ ራሳቸው ተጫውተዋል። የፔሌ የመቀስ ምት ጎል የማይረሳውም ለዚህ ነው፤ ኳስ የማይችል ተዋናይ ቲፎዞን አይሸውድም።

እኛስ? ብቸኛውን የአፍሪካ ዋንጫችንን ያገኘነው ጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ነው። በፍጻሜው ግብፅ ሁለቴ መርታን ነበር። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ሉቻኖ ቫሳሎ አቻ አደረገን፤ በጭማሪው ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨረሱት፤ 4 ለ 2! ከዚህ በላይ ምን ፊልም አለ?

ያንን ጨዋታ በዓይኑ ያየ ትውልድ እያለቀ ነው። የፊልም ሰዎች ሆይ፣ አሁኑኑ ሥሩት፤ ሜዳ ላይ ግን የፕሪሚየር ሊጋችንን ልጆች አስገቡ። እነሱም የመንግሥቱን ማሊያ ሲለብሱ ክብደቱን ያውቁታል።