እንቁላሉ በእግሩ አልሄደም
(የ1906ቱ የጆርጂያ ምርጫና «ጊዜ ይፈታዋል» ባዮች)

ስለ ምርጫ ክርክር በተነሣ ቁጥር ከተማረው ወገን ሳይሰነዘር የማይቀር አንድ መከራከሪያ አለ። «አሜሪካ እንኳ እዚህ ለመድረስ ሁለት መቶ ዓመት ፈጅቶባታል፤ ዴሞክራሲ ሂደት ነው፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉናል። ይህን የሚሉት ካድሬዎች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ብዕሬን ባላነሣሁ ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ ይሉታል፤ ተማሪዎቼም በፈተና ወረቀት ላይ ይጽፉታል። መከራከሪያው የተወደደው ማንንም ስለማይወቅስ ይመስለኛል፤ ጥፋቱ የዕድሜ ማነስ እንጂ የሰው ሥራ አይሆንምና።

ችግሩ የአሜሪካ ታሪክ እንዲህ አለማለቱ ነው። ለምስክርነት አንድ ክፍለ ግዛት፣ አንድ የአገረ ገዥ ምርጫ ልጥራ፤ ጆርጂያን፣ 1906ን። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከእርስ በርሱ ጦርነት በኋላ ኮንግረስ ባወጣው ሕግ መሠረት የጆርጂያ ጥቁር ወንዶች በ1867 በመራጭነት ተመዘገቡ፤ በ1868 ተወካዮቻቸውን ወደ ክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ላኩ። ወራት ሳይቆዩ ነጮቹ የምክር ቤት አባላት «ጥቁር ሊመርጥ ይችል ይሆናል እንጂ ሊመረጥ አይችልም» የሚል ሰበብ ፈጥረው ጥቁሮቹን አባረሯቸው። ከተባረሩት አንዱ ቄስ ሄንሪ ማክኒል ተርነር ነበሩ። ዋሽንግተን ጣልቃ ገብታ በ1870 ወደ መቀመጫቸው መለሰቻቸው። ተርነር በኋላ ጳጳስ ሆነው እስከ 1915 ኖረዋል፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ከምተርከው እስከዚያ ዓመት ድረስ የሆነውን ሁሉ በዓይናቸው አይተዋል። እኚህ ሰው በአንድ ዕድሜያቸው መራጭም ተመራጭም ሆነው ሳለ፣ ሲሸመግሉ የወገኖቻቸው የመምረጥ መብት በሕግ ሲነጠቅ ደረሱ። ታዲያ «ቀስ በቀስ» የሚባለው የትኛው ነው?

በሩ የተዘጋው በአንድ ጊዜ አይደለም። የ1877ቱ ሕገ መንግሥት የምርጫ ግብር ጣለ። በዓመት አንድ ዶላር ነበር፤ ክፋቱ ግን ከመጠኑ ይልቅ ከመጠራቀሙ ላይ ነው። ውዝፉን ሁሉ ያልከፈለ ድምፅ አይሰጥም። የሰው መሬት በእኩል የሚያርስና ጥሬ ገንዘብ የሚያየው ጥጡ ሲሸጥ ብቻ የሆነ ገበሬ የብዙ ዓመት ውዝፍ ከየት ያመጣል? በ1900 ደግሞ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ዕጩ የሚመርጥበትን ቅድመ ምርጫ ለነጮች ብቻ አደረገው። ሪፐብሊካኑ በዚያ ክፍለ ግዛት ለሥልጣን የሚያሰጋ ኃይል ስላልነበረው፣ ቅድመ ምርጫውን ያሸነፈ አገረ ገዥ ሆነ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ቆጠራ ከ2.2 ሚሊዮን የጆርጂያ ነዋሪ ከ1 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው ጥቁር ነበር።

እንግዲህ 1906 ሲገባ ውድድሩ እጅግ የጋለ ሆነ፤ «ጠንካራ ፉክክር ካለ ዴሞክራሲ አለ» የሚሉ ሰዎች ቢያዩት በእጅጉ ያረካቸው ነበር። ዋነኞቹ ተፋላሚዎች ሁለት የተማሩ የጋዜጣ ሰዎች ነበሩ። ክላርክ ሃወል የአትላንታ ኮንስቲትዩሽን ዋና አዘጋጅ ነው። ሆክ ስሚዝ ጠበቃ፣ በፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ ዘመን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ቀደም ሲል ደግሞ የአትላንታ ጆርናል ባለቤት የነበረ ሰው ነው። ስሚዝ የባቡር ኩባንያዎችን አደብ አስገዛለሁ፣ የጥቁሮችንም ድምፅ በሕገ መንግሥት አስቀራለሁ ብሎ ተነሣ። ሃወል ተቃወመው። የተቃወመበትን ምክንያት ልብ በሉልኝ፤ ግብሩና የነጮቹ ቅድመ ምርጫ ሥራውን ጨርሰውታልና አዲስ ሕግ አያስፈልግም፣ እንዲያውም የንባብ ፈተና ያልተማረውን ነጭ ከጨዋታ አውጥቶ የተማረውን ጥቁር ሊያስገባ ይችላል የሚል ነበር። ወራት የፈጀው ክርክር ይኸው ነው፤ በተቆለፈ በር ላይ ሁለተኛ ቁልፍ ያስፈልጋል ወይስ አንዱ ይበቃል? ከበሩ ውጭ ስለቆመው ሰው የተከራከረ አልነበረም።

ቶም ዋትሰንን ካላነሣሁ ነገሩ አይሟላም። ይህ ሰው በ1890ዎቹ መጀመሪያ የፖፑሊስት ፓርቲ መሪ ሆኖ ድኻውን ነጭና ድኻውን ጥቁር ገበሬ «ጥቅማችሁ አንድ ነው» እያለ ይሰብክ ነበር። ነጮቹ ለሁለት ሲከፈሉ የጥቁሩ ድምፅ ሚዛን ደፊ ሆነ፤ ባለሥልጣናቱም ድምፁን በገንዘብና በማስፈራሪያ ወሰዱት። ዋትሰን ከሽንፈቱ የቀሰመው ትምህርት ድምፅ ገዢዎቹን ማስቀጣት አልነበረም፤ ድምፁ የተሰረቀበትን ሰው ከምርጫ ማስወጣት እንጂ። በ1906 ከስሚዝ ጎን ቆመ። የተሐድሶ ሰዎቹም «ምርጫውን ከሙስና እናጸዳለን» አሉ። እኔ በበኩሌ ከዚህ ሁሉ ታሪክ እጅግ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። መራጩን ያስወገዱት ሕግን የናቁ ሰዎች ሳይሆኑ ሕግን በማክበር ስም የተነሡ ናቸው።

በኦገስት ስሚዝ ቅድመ ምርጫውን በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። የዘመቻው ወራት አልፎ ከተማዪቱ ግን አልበረደችም። ቅዳሜ ሴፕቴምበር 22 ቀን የማታዎቹ ጋዜጦች ጥቁሮች ነጭ ሴቶችን ደፈሩ የሚሉ ያልተረጋገጡ ወሬዎችን በልዩ ዕትም እየደራረቡ አወጡ። በሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ በአትላንታ መሐል ተሰበሰበ። ጥቁሮችን ከከተማ ባቡር እየጎተተ አወረደ፤ ፀጉር አስተካካዮችን በሥራ ቦታቸው ገደለ። ግርግሩ ለቀናት ዘለቀ። ሚሊሺያው በደቡብ በኩል ወዳለው ብራውንስቪል ገብቶ በመቶ የሚቆጠሩ ጥቁሮችን አሰረ፤ ራሳቸውን ለመከላከል መሣሪያ ይዘዋልና። የሞቱት ጥቁሮች ቢያንስ 25 እንደሚሆኑ ይገመታል። የጥቁሮች መጽሔት አዘጋጅ የነበረው ማክስ ባርበር ስለ እልቂቱ መንስኤ እውነቱን ጽፎ በማውጣቱ አትላንታን ጥሎ ወደ ቺካጎ ለመሸሽ ተገደደ። በዚያን ጊዜ የ13 ዓመት ልጅ የነበረው ዋልተር ኋይት ሁሉን አይቷል፤ በኋላ ለጥቁሮች መብት የሚታገለውን ትልቁን ማኅበር የመራው እሱ ነው።

ስሚዝ በ1907 ሥልጣን ያዘ፤ ቃሉንም ጠበቀ። ሕገ መንግሥቱ በ1908 በሕዝበ ውሳኔ ተቀየረ። (በእኛ ቋንቋ «ማሻሻያ» ልለው ይገባ ነበር፤ ብዕሬ እምቢ አለ።) ከእንግዲህ መራጭ ለመሆን የጦር ዘማች ወይም የዘማች ዘር መሆን፣ አለዚያም «መልካም ጠባይ» እንዳለው መመስከር፣ ወይም ከሕገ መንግሥቱ አንድ አንቀጽ ማንበብና መጻፍ፣ ወይም 40 ኤከር መሬት አለዚያም የ500 ዶላር ንብረት መያዝ ያስፈልጋል። አያቱ ለባርነት የተዋጋለት መሃይም ነጭ ያልፋል። ጠባይን የሚመዝነው፣ ንባብን የሚያርመው ደግሞ ነጩ መዝጋቢ ነው። በሕጉ ውስጥ «ጥቁር» የሚል ቃል አልተጻፈም፤ ሕግ አዋቂው ስሚዝ ይህን መሳት አይቻለውም።

ይኸው ሰው የባቡር ኮሚሽኑን ሥልጣን አስፋፍቷል፤ እስረኞችን ለባለሀብት የማከራየቱ አሠራርም የተሻረው በእሱ ጊዜ በ1908 ነው። መልካም ሥራዎች ናቸው፤ አልክድም። የታሪክ መጻሕፍት ዘመኑን «ዘመነ ተሐድሶ» የሚሉትም በእነዚህ ምክንያት ነው። በዚያው ዓመት ግን «ሆክና ረኃብ፣ ብራውንና ዳቦ» በሚል መፈክር በጆሴፍ ብራውን ተሸነፈ፤ በ1910 ተመልሶ አሸነፈው። እነሆ፣ ሥልጣን በሰላም ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረ! ከሕዝቡ ግማሽ የሚጠጋው ግን መዘዋወሩን ያየው በአጥር ቀዳዳ ነው።

«ያም ሆኖ በመጨረሻ ተስተካከለ አይደለም?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ተስተካክሏል፤ ግን ማን አስተካከለው? ጁላይ 4 ቀን 1944 ፕራይመስ ኪንግ የተባሉ ፀጉር አስተካካይና ሰባኪ በኮሎምበስ ከተማ በቅድመ ምርጫው ድምፅ ሊሰጡ ቀርበው በፖሊስ ተገፍትረው ወጡ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከጥቂት ወራት በፊት የቴክሳስን የነጮች ቅድመ ምርጫ ሽሮት ነበርና እሳቸውም የፓርቲውን ሰዎች ከሰሱ፤ በ1946 በይግባኝ ረቱ። የምርጫው ግብር የተሻረው በ1945 በአገረ ገዥ ኤሊስ አርናል ጊዜ ነው። ከ1908 እስከ 1944 ባሉት 36 ዓመታት ውስጥ በሩ በራሱ ጊዜ አንዲት ስንዝር አልተከፈተም። ዛሬ በአትላንታና በዙሪያዋ የሚኖሩ ወገኖቻችን ዜግነት ወስደው አገረ ገዥ ሲመርጡ የሚያልፉበት በር እሳቸው ያንኳኩት ነው። ስማቸውን የሚያውቅ ከመካከላችን ስንት እንዳለ አላውቅም።

በ1946ቱ ቅድመ ምርጫ ከመቶ ሺሕ በላይ ጥቁሮች ተመዝግበው ነበር። ብዙ ድምፅ ያገኘው ጄምስ ካርማይክል ሆኖ ሳለ አሸናፊ የተባለው ግን የነጮችን ቅድመ ምርጫ እመልሳለሁ እያለ የዘመተው ዩጂን ታልማጅ ነው። ውጤቱ የሚሰላው በሰው ቁጥር ሳይሆን ትንንሾቹን የገጠር አውራጃዎች በሚያገዝፍ ቀመር ነበርና። ያንን ቀመር ለማስጣል ደግሞ ሌላ ከሳሽ፣ ሌላ ችሎት አስፈለገ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሻረው በ1963 ነው።