ደመወዙ ይቀነስ፤ ግን ለማን?

እንደሚታወቀው የአውሮፓ እግር ኳስ በአገራችን እጅግ ብዙ ተመልካች አለው። በእኛ ዲፓርትመንትም ቢሆን የአርሴናልና የማንቸስተር ጉዳይ አንዳንድ ጊዜ ከሚድተርም ውጤት በላይ ያከራክራል። በዚህ ክርክር መሃል ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። አገር በችግር ላይ ስትሆን በሳምንት መቶ ሺህ ፓውንድ የሚከፈለው ተጫዋች ደመወዙ ሊቀነስ ይገባል ወይስ አይገባም?

ይህ ጥያቄ የወሬ ጥያቄ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2020) የኮሮና ወረርሽኝ ስታዲየሞችን ባዘጋ ጊዜ በተግባር ታይቷል። ስለዚህ በግምት ከመከራከር ይልቅ የሆነውን እያነሳን ብንነጋገር ይሻላል። እኔ በበኩሌ "ይቀነስ" ባይ ነኝ። ነገር ግን የተቀነሰው ገንዘብ ለማን እንደሚደርስ ሳይታወቅ "ይቀነስ" ማለት ለክለብ ባለቤት መዋጮ እንደማሰባሰብ ይቆጠራል።

በመጀመሪያ ለምን ይቀነስ እንዳልኩ ላስረዳ። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር የአንድ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ መካከለኛ ደመወዝ በዓመት 31 ሺህ ፓውንድ ገደማ ነበር። በሳምንት 100 ሺህ ፓውንድ የሚያገኝ ተጫዋች ይህ ሠራተኛ ከሦስት ዓመት በላይ ለፍቶ የሚያገኘውን በሰባት ቀን ይወስዳል ማለት ነው። "የተጫዋች ዕድሜ አጭር ነው፣ ዛሬ ካልያዘ ነገ አያገኝም" የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እውነት ነው፤ አንድ ጉዳት ሁሉንም ሊያበቃው ይችላል። ታዲያ የሜዳውን ሣር የሚያጭደው፣ ማልያ የሚያጥበው፣ በር ላይ ትኬት የሚቀበለውስ ሰው? የእሱ ደመወዝ ለአንድ ወር ቢቋረጥ የቤት ኪራዩን ማን ይከፍልለታል? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ሸክሙን መካፈል የሚችል ሰው ቢካፈል ምን ክፋት አለው?

ችግሩ የሚጀምረው "ይካፈል" የሚለው ትእዛዝ ከማን አፍ ወጣ፣ ለምንስ ወጣ ስንል ነው። መጋቢት 24 ቀን 2012 የእንግሊዝ የጤና ሚኒስትር የነበሩት ማት ሃንኮክ በዕለቱ መግለጫቸው ላይ ሲጠየቁ፣ የፕሪሚየር ሊግ ተጫዋቾች ደመወዛቸው ተቀንሶ የበኩላቸውን ያድርጉ አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ተጫዋቾቹ ብዙ ተወራ። የባንክ ኃላፊዎችስ? የክለቦቹ ባለቤቶች የሆኑት ቢሊየነሮችስ? ስለ እነሱ ያን ያህል አልተወራም። ለምን ቢባል ተጫዋቹን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ፎቶግራፉም መኪናውም አለ። ባለቤቱን ግን በመልኩ የሚያውቀው ጥቂት ነው።

በዚያው ሰሞን ክለቦቹ ራሳቸው ምን ሲያደርጉ ነበር? መጋቢት 26 ቀን ሊቨርፑል የተወሰኑ ሠራተኞቹን ለጊዜው ከሥራ አሳርፎ፣ 80 በመቶ ደመወዛቸውን ከመንግሥት በጀት እንዲከፈላቸው ለማድረግ መወሰኑን አስታወቀ። ይህ ክለብ ከጥቂት ሳምንታት በፊት 42 ሚሊዮን ፓውንድ ማትረፉን የገለጸ ክለብ ነው! ደጋፊው ሲቆጣ ክለቡ ከሁለት ቀን በኋላ ይቅርታ ጠይቆ ሐሳቡን ለወጠ። ቶተንሃምም ተመሳሳይ ውሳኔ ወስኖ በኋላ ተመልሷል። ልብ በሉ፤ ተጫዋቾቹ ራስ ወዳድ እየተባሉ በሚሰደቡበት ሳምንት የመንግሥትን ካዝና ያንኳኩት ክለቦቹ ነበሩ።

ክለቦቹ ለተጫዋቾቹ ያቀረቡት ሐሳብ 30 በመቶ ደመወዝ እንዲቀነስ ወይም እንዲዘገይ ነበር። የተጫዋቾች ማኅበር የሰጠው መልስ ደግሞ ሊናቅ የሚገባው አይደለም። ለ12 ወራት 30 በመቶ ከተቀነሰ ከ500 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ከደመወዝ ይወጣል፤ በዚህም ምክንያት መንግሥት ከ200 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ግብር ያጣል አለ። ያ ግብር ለሆስፒታልም የሚውል ገንዘብ ነው። በሌላ አነጋገር ተጫዋቹ ያልወሰደው ገንዘብ በራሱ ጊዜ ለነርሷ አይደርስም፤ እዚያው ክለቡ ሣጥን ውስጥ ይቀራል። ማኅበሩ እዚህ ላይ እውነት አለው፤ ግማሽ እውነት ግን ነው። ደመወዙ ሙሉ በሙሉ ቢከፈልም ከግብር የተረፈው እዚያው ተጫዋቹ ኪስ ውስጥ ይቀራላ! ሌላውን ግማሽ የሞሉት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው። በወቅቱ የሊቨርፑል አምበል የነበረው ጆርዳን ሄንደርሰንና ሌሎች አምበሎች ተነጋግረው፣ መጋቢት 30 ቀን ለአገሪቱ የጤና አገልግሎት የበጎ አድራጎት ማኅበራት የሚውል የጋራ መዋጮ ይፋ አደረጉ። ገንዘቡ የት እንደሚሄድ የመረጡት እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ አርሴናል ልምጣ፤ ደጋፊዎቹ እንዳትቀየሙኝ። ሚያዝያ 12 ቀን 2012 የአርሴናል ተጫዋቾች ደመወዛቸው 12.5 በመቶ እንዲቀነስ ተስማሙ። በሳምንት 350 ሺህ ፓውንድ ገደማ ይከፈለዋል ተብሎ የተዘገበለት ሜሱት ኦዚል ግን አልተቀበለም፤ ስንቱ ሰው ስግብግብ ብሎታል። እሱ በኋላ እንዳስረዳው፣ ለማገዝ ፈቃደኛ ቢሆንም ገንዘቡ ለምን እንደሚውል በቂ መልስ አላገኘም ነበር። ከዚያስ ምን ሆነ? ሐምሌ 29 ቀን ክለቡ 55 ሠራተኞችን ሊቀንስ ማሰቡን አስታወቀ። መስከረም 25 ቀን 2013 ደግሞ ለ27 ዓመታት የዳይኖሰር ልብስ ለብሶ ሕፃናትን ሲያዝናና የኖረው ሰው ከሥራ መቀነሱ ተሰማ። በዚያው ዕለት ክለቡ 45 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ከፍሎ ቶማስ ፓርቴይን አስፈረመ። የዚያን ሰው ደመወዝ እኔ ልክፈል ያለው ማን መሰላችሁ? ያው ስግብግብ የተባለው ኦዚል ነው።

በዚህ ምክንያት ኦዚልን ቅዱስ ላደርገው አልፈልግም። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነበር።

የተሻለ መንገድ መኖሩን ያሳየው ባርሴሎና ነው። መጋቢት 21 ቀን 2012 ሊዮኔል ሜሲ ባወጣው መግለጫ ተጫዋቾቹ በአስቸኳይ ጊዜው 70 በመቶ ደመወዛቸውን እንደሚተዉ፣ በተጨማሪም የሌሎቹ የክለቡ ሠራተኞች ደመወዝ እንዳይጎድል እንደሚያዋጡ ተናገረ። እዚህ ላይ የሚሰጠው ማን፣ የሚቀበለውም ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ይህም ቢሆን መጥፎ አስተዳደርን አያድንም። ከአንድ ዓመት ከአምስት ወር በኋላ የክለቡ ፕሬዚዳንት ዕዳው 1.35 ቢሊዮን ዩሮ መድረሱን ተናግረዋል። የተጫዋች ደመወዝ መቀነስ የሠራተኛን ጓዳ ለጥቂት ወራት ሊደግፍ ይችላል፤ ለዓመታት የተበላሸ ሒሳብን ግን አያስተካክልም።

ስለዚህ በእኔ እምነት ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው። አንደኛ፣ ኮንትራት ሕግ ነውና ቅነሳው በስምምነት እንጂ በሚኒስትር ተግሣጽ መሆን የለበትም። ሁለተኛ፣ ክለቡ ሒሳቡን ለተጫዋቾቹ ማሳየት አለበት። ሦስተኛ፣ በተቀነሰው ገንዘብ ልክ የዝቅተኛ ሠራተኞች ሥራና ደመወዝ ዋስትና በጽሑፍ መሰጠት አለበት። ሦስተኛው ከሌለ ተጫዋቹ "አልሰጥም" ቢል አልፈርድበትም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የአውሮፓውን ክርክር እንዳለ ገልብጠን ወደ አገራችን ሊግ ማምጣት አይገባም። የእኛ ተጫዋቾች "ለወራት ደመወዝ አልተከፈለንም" ብለው ለፌዴሬሽን አቤት ሲሉ የሰማነው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ደመወዙ ያልተከፈለውን ሰው "ደመወዝህ በዝቷል፣ ቀንስ" ማለት ቀልድ ነው የሚሆነው። መጀመሪያ የሠራበት ይከፈለው።

በመጨረሻም ነገሩ እኛን የጋዜጠኝነት ተማሪዎችን በቀጥታ ይመለከታል። "ተጫዋቹ ስንት ይከፈለዋል?" የሚለው ዜና ቀላል ነው፤ ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ራሱ ይሸጣል። "የተቀነሰው ገንዘብ የት ገባ?" የሚለው ግን ሰነድ መጠየቅን፣ የጽዳት ሠራተኛዋን ማነጋገርን፣ ከአራት ወር በኋላ ተመልሶ መጠየቅን ይፈልጋል። የአርሴናል ጉዳይ በሚያዝያ ወር ላይ ቢያበቃ ኖሮ ጥሩ ዜና ነበር። ሐምሌ ላይ ተመልሶ የጠየቀ ዘጋቢ ግን ሌላ ዜና ያገኛል። እኛም ነገ ማይክራፎን ስንይዝ፣ ቀዳሚው ጥያቄያችን ስለ ኮከቡ መኪና ሳይሆን ስለዚያ ገንዘብ ቢሆን ጥሩ ነው እላለሁ።